በአንዲት ቅጽበት የሚመዘን ሰው



የሰው ሥራ ሁሉ በአንድ ሚዛን አይመዘንም። ገበሬ በክረምት ያረሰው፣ በመስከረም ያረመው፣ በኅዳር ያጨደው ሁሉ ተደምሮ በጎተራው ይታያል፤ አንድ ቀን ቢደክመው፣ አንድ ትልም ቢጣመምበት ስሙ አይጠፋም። ሸማኔም እንዲሁ ነው፤ የተበጠሰውን ክር ቀጥሎ ሥራውን ይገፋል፤ ጋቢውን የሚለብሰው ሰው ክሩ የት ላይ እንደ ተቀጠለ አያውቅም። ሌላ ዓይነት ሥራ ደግሞ አለ፤ ብዙ ዓመት ከተደከመበት በኋላ በአንዲት ቅጽበት ብቻ በሰው ፊት የሚታይ፣ ከተበላሸም ሊሸሸግ የማይቻል ሥራ ነው።

የዚህን ዓይነቱን ሥራ ለማወቅ የጎጃም ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በምሥራቅ ጎጃም ያለችው ደብረ ኤልያስ ከቀድሞ ጀምሮ በቅኔ ትምህርት የታወቀች አገር ናት። በዚያ የሚማረው ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ ከወላጆቹ ርቆ፣ ለምኖ ባገኘው ቁራሽ እየተዳደረ ግሱን ያጠናል፤ አገባቡን ይማራል፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል። ይህ ሁሉ ድካም የሚታየው ግን በየኔታ ፊት ቆሞ የቈጠረውን በሚናገርባት በጥቂት ጊዜ ነው። ቤቱ ባይመታለት፣ ሰሙ ከወርቁ ባይገጥምለት፣ ባልንጀሮቹ ሁሉ ሰምተውታል፤ ከአፍ የወጣ ቃልም ወደ አፍ አይመለስም። ከዚያች ሰዓት በኋላ ልጁ ነገ ተመልሶ ይቆማል ወይስ አኮፋዳውን ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል? ይህን የሚወስነው ብዙ ጊዜ የልጁ ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚሰማው ቃል ነው።

በዚህ ወር ልናጫውታችሁ ያሰብነው ግን ስለ ቅኔ ተማሪ አይደለም። በባሕር ማዶ፣ በአሜሪካ፣ ሥራው እንዲሁ በአንዲት ቅጽበት ይመዘን ስለ ነበረ ስለ አንድ ኳስ መቺ ነው። ስሙ ጋሮ ዬፕሬምያን ይባላል፤ ትውልዱ ከአርመን ሕዝብ ነው።

አርመን ስንል ለአንባቢያችን እንግዳ ሕዝብ አናመጣም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ባለው በአርመኖች ገዳም የሚያድጉ አርባ ወላጅ የሌላቸው ልጆችን ተቀብለው ወደ አዲስ አበባ እንዳስመጡ፣ እነርሱም የሙዚቃ ጓድ ሆነው እንዳገለገሉ ይታወቃል። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የዚያን መዝሙር ግጥም በመድረስ ስማቸው የሚጠራው ደግሞ የደብረ ኤልያስ ተወላጅ የቅኔው ሊቅ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። የደብረ ኤልያስ ቅኔ ያፈራቸው ሰው ቃሉን ሰጡ፤ ከስደት የመጡት አርመናዊ ዜማውን ሰጡ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ሕዝቡ ሁሉ አብሮ ዘመረው። ስለዚህ የአንድ አርመናዊ ስደተኛ ታሪክ በጎጃም ቤት ቢነበብ ከቦታው የራቀ አይሆንም። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በእኛ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል፤ አስፈላጊ በሆነበት ስፍራ የአውሮፓውያኑንም ጨምረናል።

አሜሪካኖች እግር ኳስ ብለው የሚጠሩት ጨዋታ እኛ የምናውቀው እንዳልሆነ አስቀድመን መግለጥ ይገባናል። ኳሷ እንደ እንቍላል ሞላላ ናት። ከሁለቱም ወገን አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ኳሷን በእጃቸው ይዘው እየሮጡ ወይም እርስ በርሳቸው እየተወራወሩ ርዝመቱ 100 ያርድ፣ ማለት 91 ሜትር ያህል በሆነ ሜዳ ወደ ባላጋራቸው ዳርቻ ለማድረስ ይታገላሉ። ኳሷን ይዞ ዳርቻውን ያለፈ ቡድን 6 ነጥብ ያገኛል። ግፊያውና ትግሉ ብርቱ ስለሆነ ተጫዋቾቹ ራስ ቍር ደፍተው፣ ትከሻቸውን በወፍራም መከላከያ ሸፍነው የሚሰለፉ ግዙፋን ሰዎች ናቸው።

አንድ ቡድን ወደ ዳርቻው ቀርቦ መግፋት ሲያቅተው መቺው ይጠራል። ከፊት የተሰለፈው ሰው ኳሷን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ይወረውራል፤ ሌላው ተንበርክኮ ይቀበልና በመሬት ላይ አቁሞ በጣቱ ደግፎ ይይዛታል፤ መቺው ደግሞ ሮጦ ይመታታል። ኳሷ በሁለት ቋሚዎች መካከል፣ ከመሬት 3 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከተጋደመው እንጨት በላይ ካለፈች 3 ነጥብ ይሰጣል። በቋሚዎቹ መካከል ያለው ስፋት ከ5 ሜትር ተኩል እምብዛም አይበልጥም። ኳሷ ከተወረወረችበት እስከ ተመታችበት ያለው ጊዜ አንድ ሰከንድ ከግማሽ አይሞላም፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ እነዚያ ግዙፋን ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ምቱን ሊከለክሉ እየጮኹ ይመጣሉ። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ መቺው ከሜዳው ዳር ተቀምጦ ይመለከታል። ባልንጀሮቹ ጭቃ ለብሰው፣ ደም ተፍተው ሲታገሉ የእርሱ ልብስ ንጹሕ ነው። በዚህም ምክንያት ሲያገባ እንደ ሥራ ፈት ይታያል፤ ሲስት ግን የሌሎቹን ድካም ሁሉ እንዳጠፋ ይቈጠራል።

በቀድሞ ዘመን አሜሪካኖች ኳሷን ፊት ለፊት ሮጠው በጫማቸው አፍንጫ ይመቱ ነበር። በ1957 ዓ.ም. (1964) ፒት ጎጎላክ የሚባል፣ ቤተ ሰቡ ከሀንጋሪ ተሰድዶ የመጣ ወጣት እኛ በምናውቀው እግር ኳስ ልማድ ከጎን እየመጣ በእግሩ ውስጠኛ ወገን መምታት ጀመረ። ይህ አመታት ኳሷን አቅንቶና አርቆ የሚልክ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በልጅነታቸው በየመንደሩ ኳስ ሲያንከባልሉ ያደጉ የውጭ አገር ሰዎች በአሜሪካ እንጀራ የሚበሉበት አንድ በር ተከፈተ። ዛሬ በዚያ አገር መቺዎች ሁሉ የሚመቱት በዚሁ ልማድ ነው።

ጋሮም የገባው በዚህ በር ነው። በ1936 ዓ.ም. ከአርመን ወላጆች በቆጵሮስ ደሴት፣ በላርናካ ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ ለንደን ሄዶ ኳስ ይጫወት ነበር። ታላቅ ወንድሙ ክሪኮር በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ይማር ስለ ነበር የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ተመልክቶ፣ ይህን ሥራ ታናሽ ወንድሜ ከእነዚህ አሳንሶ አይሠራውም ብሎ አስጠራው። ጋሮ በ1959 ዓ.ም. (1966) በሃያ ሁለት ዓመቱ የዲትሮይት ላየንስ ቡድን ተጫዋች ሆኖ ሲቀጠር የጨዋታውን ደንብ ገና በቅጡ አያውቅም ነበር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ73፣ ከግዙፋኑ መካከል እንደ ልጅ የሚታይ፣ ጠጕሩ በጊዜ የሸሸ፣ በግራ እግሩ የሚመታ ሰው ነበር። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት ኅዳር 4 ቀን ከሚኔሶታ ቡድን ጋር በተደረገው ጨዋታ ስድስት ጊዜ መትቶ አገባ። በዚያ ሊግ እስከዚያ ቀን ድረስ በአንድ ጨዋታ ያን ያህል ያገባ ሰው አልነበረም።

ይሁን እንጂ የአንድ ቀን ክብር ለሁልጊዜ ስንቅ አይሆንም። ከሁለት ዓመት በኋላ ከዲትሮይት ቡድን ተለየ፤ በአሜሪካ ጦር ውስጥ አገለገለ፤ ያለ ቡድን የቆየበትም ጊዜ ነበር። በዚያ ዘመን ከረባት እየሰፋ ይሸጥ እንደ ነበር ይነገራል። በኋላ በ1962 ዓ.ም. መጨረሻና በ1963 ዓ.ም. መጀመሪያ (1970) የማያሚ ዶልፊንስ አሠልጣኝ ዶን ሹላ ተቀበሉትና ስሙ እንደ ገና ተነሣ። በሚቀጥለው የጨዋታ ዘመን በአገሩ ሁሉ ካሉት ተጫዋቾች በነጥብ ብዛት አንደኛ ሆነ።

በዚያው ዘመን፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1964 ዓ.ም. (1971)፣ አሜሪካኖች የልደትን በዓል በሚያከብሩበት ቀን፣ ማያሚና ካንሳስ ሲቲ ተጋጠሙ። ጨዋታው በደንቡ 60 ደቂቃ ነው፤ ነገር ግን 24 ለ24 ስለ ወጡ ጭማሪ ተሰጠ፤ በመጀመሪያው ጭማሪም ሳይለይላቸው ወደ ሁለተኛው ተላለፉ። የካንሳስ ሲቲ መቺ ያን ስቴኔሩድ የሚባል ኖርዌያዊ ሲሆን በጊዜው ከሁሉ የተመሰገነ ነበር። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ 35 ሰከንድ ሲቀረው ከ31 ያርድ የመታት ኳስ ብታልፍ ኖሮ ጨዋታው በዚያው ያከትም ነበር፤ ነገር ግን ሳታት። በጭማሪው ጊዜ የመታትንም ባላጋሮቹ ከለከሉት። በመጨረሻ ጋሮ ከ37 ያርድ መትቶ አገባና ማያሚ 27 ለ24 አሸነፈ። ጨዋታው የፈጀው 82 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው፤ በዚያ ሊግ ታሪክ ከዚህ የረዘመ ጨዋታ እስከ ዛሬ አልተደረገም።

ከዚህ ላይ አንባቢ ጥቂት ቆም ይበል። በአንድ ማታ፣ በአንድ ሜዳ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሥራ ሠሩ፤ አንዱ በትከሻ ተሸክመውት ወጣ፤ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በዚያች ማታ ብቻ ብንፈርድ ስቴኔሩድ የማይረባ ሰው ነበር ማለታችን ነው። ነገር ግን እርሱ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ተጫውቶ፣ በጠቅላላው 373 ጊዜ አግብቶ፣ በ1983 ዓ.ም. (1991) የዚያ ጨዋታ ታላላቅ ሰዎች ስማቸው በክብር በሚመዘገብበት አዳራሽ ገባ፤ ከመምታት በቀር ሌላ ሥራ ሳይኖራቸው ከዚያ ከገቡት መቺዎችም የመጀመሪያው እርሱ ነው። የዚያች ማታ ስሕተት ሳይሠረዝ እንዳለ ነው፤ ሆኖም የሰውዬውን ሥራ ሁሉ ለመሸፈን አልበቃም።

የጋሮ ተራ የደረሰው ጥር 6 ቀን 1965 ዓ.ም. (1973) ነው። ማያሚ በዚያ የጨዋታ ዘመን አሥራ ስድስት ጊዜ ተጋጥሞ አሥራ ስድስቱንም አሸንፎ ሱፐር ቦውል ለሚባለው ለመጨረሻው ግጥሚያ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። ባላጋራው የዋሽንግተን ቡድን ነበር። ጨዋታው ሊፈጸም ከሁለት ደቂቃ ጥቂት ሲበልጥ ማያሚ 14 ለ0 ይመራ ነበር። ጋሮ ከ42 ያርድ እንዲመታ ተጠራ። ያችን ምት ቢያገባ 17 ለ0 ይሆናል፤ በአሥራ ሰባተኛው ድል ላይ አሥራ ሰባት ነጥብ መሆኑ ነው።

ኳሷን መታት፤ ነገር ግን ከባላጋራው ወገን አንዱ በእጁ ከለከላትና ወደ ጋሮ ተመልሳ ተንከባለለች። በዚያን ጊዜ ሊያደርገው የሚገባው በላይዋ መውደቅ ብቻ ነበር። እርሱ ግን አንሥቶ በእጁ ለባልንጀራው ሊወረውራት ቃጣ፤ እጁ ለዚህ ሥራ አልተለማመደምና ኳሷ ከመዳፉ አመለጠች፤ ሊይዛት ሲል በእጁ መትቶ ወደ ላይ አነሣት። ማይክ ባስ የሚባለው የዋሽንግተን ተጫዋች ከአየር ላይ ቀልቦ 49 ያርድ ሮጠና አገባ። ውጤቱ 14 ለ7 ሆነ። የቀሩት ሁለት ደቂቃዎች ለማያሚ ሰዎች እንደ ዓመት ረዘሙ። እንደ ምንም ተከላክለው አሸነፉ፤ ዘመኑንም ያለ አንድ ሽንፈት ፈጸሙ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይሸነፍ እንዲህ የዘለቀ ቡድን በዚያ ሊግ እስከዚህ ጽሑፍ ድረስ ሌላ አልተገኘም።

እንግዲህ ቡድኑ አሸንፏል፤ ዋንጫውም ተወስዷል። ሆኖም በማግስቱ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዋንጫው ብቻ አልነበረም፤ ስለዚያ አጭር ሰው መደናበር ነበር። ሥዕሉ በቴሌቪዥን ተደጋግሞ ታየ፤ የሳቅ መነሻም ሆነ። ከዓመት በፊት በዚያ ረጅም ጨዋታ ያገባው፣ ቡድኑን እስከዚህ ካደረሱት ነጥቦች ብዙውን ያመጣው ሰው እርሱ መሆኑ ተረሳ። ጋሮ ራሱ በኋላ እንደ ተናገረው ኀዘኑ ጸንቶበት ሁለት ሳምንት ያህል ከሰው ተሸሽጎ በቤቱ ተቀመጠ።

በዚያ ሰሞን አንድ ደብዳቤ ደረሰው። በግርጌው የአሠልጣኙ የዶን ሹላ ስም ተፈርሞበታል። ደብዳቤው ለቡድኑ ያበረከተውን ሥራ እያነሣ የሚያመሰግን፣ የሚነቅፉትንም ሰዎች እንዳይሰማ የሚመክር ነበር። ጋሮ ይህን ባነበበ ጊዜ ልቡ ተመለሰለት፤ ከቤቱ ወጣ፤ ደብዳቤውንም እንደ ውድ ዕቃ አስቀመጠው።

በሚቀጥለው የጨዋታ ዘመን ማያሚ ዋንጫውን ደግሞ ወሰደ፤ የቡድኑም መቺ ጋሮ ነበር። ከዚያ ዘመን መጨረሻ፣ ጥር 12 ቀን 1966 ዓ.ም. (1974)፣ ከየቡድኑ የተመረጡ ተጫዋቾች በሁለት ተከፍለው በሚጋጠሙበት ጨዋታ የእርሱ ወገን 15 ለ13 አሸነፈ። አሥራ አምስቱም ነጥብ የጋሮ ነው፤ አምስት ጊዜ መትቶ አምስቱንም አገባ። የመጨረሻዋን ያገባት ጨዋታው ሊያልቅ 21 ሰከንድ ሲቀረው ነው፤ ርቀቷም 42 ያርድ ነበር፤ ማለት ከዓመት በፊት በሎስ አንጀለስ ካፈረባት ርቀት ጋር አንድ ነው። በዚያ ቀን የጨዋታው ኮከብ ተባለ።

እስከ 1970 ዓ.ም. ማለቂያ ድረስና ጥቂት ወራትም ጨምሮ በማያሚ ቆየ፤ ከዚያም በሌሎች ሁለት ቡድኖች ተጫውቶ በ1974 ዓ.ም. ሥራውን ፈጸመ። በአሥራ አራት የጨዋታ ዘመን 313 ጊዜ መትቶ 210 ጊዜ አገባ። ስለዚህ 103 ጊዜ ስቷል ማለት ነው፤ ከሦስት ምት አንዱን ያህል። ይህን የሚያህል የሳተ ሰው በዘመኑ ከታወቁት መቺዎች አንዱ ነበር። በዛሬው ጊዜ አመታቱ ተሻሽሎ ታላላቆቹ መቺዎች ከአምስት አራቱን ከዚያም በላይ ያገባሉ፤ ነገር ግን ሳይስት የኖረ ከመካከላቸው ማንም የለም። ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም እንዲሉ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንመለስ፤ የዚህ ታሪክ ፍሬ ያለው ከዚያ ነውና። ከብዙ ዓመት በኋላ ጋሮ ከቀድሞ አሠልጣኙ ጋር ሲገናኝ ስለዚያ ደብዳቤ አነሣና አመሰገናቸው። ሹላ ግን ነገሩን አላወቁትም፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልጻፉም ነበርና። ሁለቱ ቢያስቡበት የጻፉት የሹላ ባለቤት ዶሮቲ ሆነው ተገኙ። የአምስት ልጆች እናት የነበሩት እኒህ ሴት የአንድ ባይተዋር ወጣት ኀዘን ተሰምቷቸው፣ ለማንም ሳይናገሩ ጽፈው፣ የባላቸውን ስም ፈርመው ልከውታል። በ1983 ዓ.ም. (1991) ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ጋሮ የተጽናናበት ቃል ከየት እንደ መጣ ለብዙ ዘመን አላወቀም ነበር።

በባል ስም መፈረም ተገቢ ነውን ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይህን መመርመር አይከፋም፤ እኛ ግን ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ጥያቄ ነው። እኒያ ሴት ለምን የገዛ ስማቸውን አልፈረሙም? እንደሚመስለን ጋሮ በዚያ ሰዓት የሚጠባበቀው የማንን ቃል እንደሆነ ስላወቁ ነው። የጋዜጣ ነቀፋ፣ የተመልካች ሳቅ ያልፋል፤ የሚከብደው የታላቁ ሰው፣ የአሠልጣኙ፣ የመምህሩ፣ የአባቱ ፍርድ ነው። ሹላ ጋሮን አልጠሉትም፤ ከቡድናቸውም አላስወጡትም፤ ለሌላ ስድስት ዓመት ያህል እያሰለፉት ኖረዋል። ነገር ግን በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ቤቱን ዘግቶ የተቀመጠው ሰው ይህን በምን ያውቃል? ሰው በሕዝብ ፊት ከተሳሳተ በኋላ የታላቁ ሰው ዝምታ እንደ ፍርድ ይሰማዋል። ታላቁ ሰው ነገሩን ረስቶት ይሆናል፤ ወይም አለመቈጣቱን እንደ ቸርነት ይቈጥረው ይሆናል፤ ታናሹ ግን ከዚያ ዝምታ የሚሰማው «አትረባም» የሚል ቃል ነው።

ይህ በአሜሪካ ሜዳ ብቻ የሚሆን አይደለም፤ በየቤታችን አለ። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት በ2015 ዓ.ም. በተገለጠ ጊዜ ከመቶ ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት አራት እንኳ አልሞሉም፤ በተከታዩም ዓመት የሆነው ይኸው ነው። ይህን ቍጥር ስንሰማ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ መምህራን ብዙ ተከራክረናል፤ መከራከርም ይገባል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቍጥር በአንድ ቤት ውስጥ በአንድ ማታ የተቀመጠ ልጅ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረው በጥቂት ቀን ፈተና ተመዘነ። በዚያች ማታ ብዙ አባት አልተቈጣም፤ አልተሳደበም፤ ዝም ብሎ እራቱን በልቶ ተኛ። ልቡ ስለ ልጁ እያዘነ ቃል አጣ። ልጁ ግን የአባቱን ልብ አላየም፤ ያየው ፊቱን ነው።

እናቶች ይህን ቀድመው እንደሚረዱ የዶሮቲ ሹላ ሥራ ይመሰክራል። በእኛም አገር ቤት ልጅ ሲያጠፋ ወይም ሲወድቅ እናት በጓዳ ጠርታ «አባትህ እኮ አልተቀየመህም» የምትለው ቃል ብዙ ቤት አቁሟል፤ አባት ግን ይህ እንደ ተባለ ከቶ አያውቅም። መልካም ነው፤ ነገር ግን ይህ ሸክም ለዘላለም በእናት ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። ቃሉ ከባለቤቱ ከራሱ አፍ ቢወጣ የበለጠ ይጸናል። ሹላ በጨዋታው ታሪክ ከሁሉ አሠልጣኝ የበለጠ ድል ያስመዘገቡ ሰው ናቸው፤ በ2012 ዓ.ም. (2020) አርፈዋል። ከዚያ ሁሉ ድላቸው መካከል ለአንድ ሰው ሕይወት የተረፈው በስማቸው የተጻፈ፣ እነርሳቸው ግን ያልጻፉት አንድ ደብዳቤ ነበር።

እንዲህ ያለው ቃል ምን ዓይነት መሆን እንዳለበትም ከደብዳቤው ልንማር እንችላለን። መጀመሪያ ነገር፣ በጊዜው ደረሰ፤ ከዓመት በኋላ ቢደርስ ኖሮ ጋሮ ወይ በራሱ ተነሥቶ ይሆናል፣ ወይም ጨርሶ ተሰብሮ ይሆናል። ሁለተኛም፣ ስሕተቱ አልተደረገም ብሎ አልካደም፤ ያን ያህል ሰው ያየውን ነገር መካድ አያጽናናም። ይልቁንም ከስሕተቱ አጠገብ የቀረውን ሥራ ሁሉ አኖረለት፤ ሚዛኑም በራሱ ተስተካከለ። ሦስተኛ፣ ከሚሳለቁት ሰዎች ቃል ይልቅ ሥራውን የሚያውቁትን ሰዎች ቃል እንዲሰማ አሳሰበው። ልጁን የሚያውቅ ወላጅ፣ ተማሪውን የሚያውቅ መምህር እነዚህን ሦስቱን ለመናገር የተማረ መሆን አያስፈልገውም፤ የልጁን ያለፈ ድካም ማስታወስ ብቻ ይበቃዋል።

ጋሮም ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን አልሸሸገውም። ኳስ መምታቱን ከተወ በኋላ በየአዳራሹ እየተጠራ ለሰዎች የሚናገር ሆነ፤ በዚያች ክፉ ቅጽበቱ እርሱ ራሱ እየሳቀ ሌላውንም ያሥቅ ነበር። የልጁ ሚስት በአንጎል ዕጢ በታመመች ጊዜ ለዚያ በሽታ ምርምር ገንዘብ የሚሰበስብ ማኅበር አቋቋመ። በግንቦት ወር 2007 ዓ.ም. በነቀርሳ በሽታ ሞተ፤ ዕድሜውም ሰባ ዓመት ነበር። በሞተ ጊዜ የዓለም ጋዜጦች ሁለቱንም ጻፉ፤ በልደት ቀን ያገባውንም፣ በሎስ አንጀለስ ያመለጠውንም። ሁለቱም የእርሱ ናቸውና እንዲህ መጻፉ ትክክል ነው።

በደብረ ኤልያስም ሆነ በሌላው ጉባኤ ቤት ልምድ ያላቸው የኔታ ቅኔው የተሰበረበትን ተማሪ ሲያርሙ ስሕተቱን ሳይሸፋፍኑ ያሳዩታል፤ ነገር ግን አርመው ሲያበቁ ነገ ደግሞ ቈጥሮ እንዲመጣ ያዝዙታል። ያ «ነገ» የሚለው ቃል ከእርማቱ የማይለይ የትምህርቱ ክፍል ነው። ልጁ አኮፋዳውን ይዞ ከመሄድ የሚቀረው በእርሱ ነው።

እንግዲህ በዚህ ወር በቤታችሁ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ሰው ቢኖር፣ ልጅም ቢሆን፣ የሥራ ባልደረባም ቢሆን፣ ወይም የትዳር ጓደኛ ቢሆን፣ ስለ ሠራው መልካም ነገር አንድ ቃል ንገሩት፤ አፋችሁ ቢከብድ በወረቀት ጻፉለት። በግርጌውም የገዛ ስማችሁን ፈርሙበት።